ሽቅብ የተኛ ከፋይ

ከፋይ የሚባለው ጨርቅ ጠጉር አለው። ጠጉሩም እንደ ከብት ጠጉር ወደ አንድ ወገን የተኛ ነው፤ ቁልቁል ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ሽቅብ ሲዳብሱት መዳፍን ይሻክራል። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ ጠጉሩ ቁልቁል ሲተኛ ፈካ ይላል፣ ሽቅብ ሲተኛ ጠቆር ይላል። ስለዚህ ከፋይ የሚቆርጥ ሰው የልብሱን ቁራጮች ሁሉ ራሳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጎ ሊያስተኛቸው ይገባል። ይህን የሳተ ቆራጭ ስሕተቱን ጠረጴዛ ላይ አያየውም። የሚያየው ልብሱ ተያይዞ ሲቆምና ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጨርቁ ተቆርጧል።

ጥንቅቅ ይህን ሕግ በጆሮዋ ታውቀው ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ብዙ የከፋይ ልብስ በእጇ አልፏል። ነገር ግን ሰፊ የሚያውቀውና ቆራጭ የሚያውቀው አንድ አይደለም። ጥንቅቅ የሚለውንም ስም ያወጡላት ወላጆቿ አይደሉም፤ ያልወደደችውን ስፌት ማንም ሳያዝዛት እየፈታች ደግማ ስለምትሰፋ የሥራ ጓደኞቿ ለሹፈት ያወጡላት ነው። ውሎ አድሮ ሹፈቱ ተረሳና ስሙ ቀረ።

በዚያ ቤት የሚቆርጡት ባለቤቱ ብቻ ነበሩ፤ ትልቅ ትንሹ ጋሽ መቀስ ይላቸዋል። ጋሽ መቀስ የሚቆርጡት ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። የንድፉን ወረቀትም ሥራው ሲያልቅ በእጃቸው ብጥስጥስ አድርገው ይጥሉታል። ለሰፊዎቹ የሚደርሳቸው የተቆረጠው ጨርቅና በጠመኔ የተደረገበት ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንቅቅ መቁረጥን የተማረችው ከተጣለ ነገር ነው። ቅርጫት ውስጥ የወደቀውን ቁርጥራጭ በፌስታል እየያዘች ቤቷ ትወስድና ወለሉ ላይ ትገጣጥመዋለች፤ በቁርጥራጮቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ የእጅጌውን፣ የጀርባውን፣ የኮሌታውን ቅርጽ ያሳያታል። ስድስት ዓመት እንዲህ አደረገች። ሌላው ሰው ሙሉውን አይቶ ጎደሎውን ይረዳል፤ እርሷ ጎደሎውን አይታ ሙሉውን ተረዳች።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት አጥብቃ የያዘችው ቁጠባውን ነበር። ጋሽ መቀስ ጨርቅ እንዳይባክን ቁራጮቹን በአንድ አልጋ እንደሚተኙ ወንድማማቾች ራስና ግርጌ ያስተኟቸዋል። ይህን በደረሰችበት ዕለት የአንድ ሰው ምስጢር እንደ ገባት ቆጥራ ለብቻዋ ሣቀች።

አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላት በደብተሯ ውስጥ አርባ ሁለት ልብስ ነድፋ ነበር። አንዱም አልተሰፋም። ያስፈራት ድህነት አልነበረም፤ ድህነትን ለምዳዋለች። ያስፈራት ያ ደብተር እንደ ታጠፈ መቅረቱ ነበር። ባለቤቷ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነው። የራሷን ቤት ከፍታ፣ ራሷ ነድፋ፣ ራሷ ቆርጣ መስፋት እንደምትፈልግ ስትነግረው፣ «እንግዲህ በዚህ ቤት ሁለት ቆራጭ መሆናችን ነው፤» አላት። «እኔ በቀን አራት መቶ እቆርጣለሁ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ያንቺን እናያለን።»

ዐሥራ አንድ ዓመት ከሁለቱም ደመወዝ እየተነሣ የተጠራቀመው ገንዘብ ለስድስት ወር የቤት ኪራይ፣ ለአንድ ያገለገለ የስፌት መኪናና ለአንድ ረጅም መስተዋት በቃ፤ ከዚያ የተረፈ የለም። የተከራየችው ክፍል ቀድሞ ጫማ ጠጋኝ የነበረበት፣ ግድግዳው ገና ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸት፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ነው። ሥራዋን በለቀቀች ዕለት ጓደኞቿ ፊት ለፊት መረቋት፣ ዞር ስትል ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ተባባሉ። ጋሽ መቀስ ከመጋረጃቸው ብቅ አላሉም። ከውስጥ ሆነው «መቀስ ወዳጅ የለውም» ብቻ አሏት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሱሪ በማሳጠርና ዚፕ በመቀየር አለፉ። በሦስተኛው ወር አንዲት የቴአትር ተዋናይት መጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱ፣ ሦስት ዓመት ከመድረክ ጠፍተው የቆዩ ሴት ናቸው። የመጡት ለቀሚስ ዚፕ ነበር፤ ዚፑ እስኪቀየር ድረስ ደብተሩን አንሥተው ሲያገላብጡ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ንድፉ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ደረቱ ላይ ጠበብ ብሎ ግርጌው የሚሰፋ ካፖርት ነበር። በማግሥቱ ከእናታቸው የወረሱትን ወይን ጠጅ ከፋይ በአንሶላ ጠቅልለው አመጡ።

ጨርቁ ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። የሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል፤ እንዲህ ያለ ከፋይ አሁን በየትም አይገኝም። ተዋናይቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መድረክ ሊመለሱ ነው፤ ያን ዕለት የሚለብሱት ይህን ካፖርት እንዲሆን ይፈልጋሉ። ካማረም የቴአትር ቤቱን አልባሳት የሚያሠራው ሰው ከእርሷ ጋር እንዲዋዋል እንደሚያደርጉ ቃል ገቡላት። ይህን የሰማችው ጥንቅቅ ደስ ሊላት ሲገባ የኪራዩን ወር ቆጠረች። የቀራት የከፈለችበት ኪራይ ሦስት ወር ነበር።

ሦስት ቀን ጨርቁን ሳትነካ ቆየች። እየመጣች ታየዋለች፣ ትለካዋለች፣ አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች። ቁራጮቹን ሁሉ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን አድርጋ በወረቀት ስታሰላ ጨርቁ በቃ፤ ግን ልክክ ብሎ በቃ፣ የሚተርፍ የለም። ፍርሃቷ የጀመረው ከዚህ ነው። እጅጌው ቢበላሽብኝ ከምን እተካዋለሁ? መቀሱ ቢያዳልጠኝስ? በአራተኛው ቀን ማለዳ ስድስት ዓመት ወለል ላይ የተማረችው ጥበብ ትዝ አላት። የግራውን የፊት ቁራጭ ገልብጣ ራሱን ወደ ግርጌ ብታደርገው ከቀኙ ጋር እንደ ሁለት ወንድማማች ገጥሞ ይተኛል፤ አንድ ክንድ ጨርቅም ይተርፋል። ስለ ጠጉሩ አላሰበችም። ሐሳቧን ሁሉ ፍርሃት ይዞት ነበር። ላብ እያሰጠማት በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆርጣ ጨረሰች፤ የተረፈውንም ክንድ ጨርቅ አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ እንዳልሳሳት ብላ ያተረፈችው ያ ክንድ ጨርቅ ራሱ ስሕተቱ ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ ቁራጮቹን በላላ ክር አያይዛ ካፖርቱን የልብስ ማቆሚያው ላይ አለበሰችው። ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ ፀሐይ በመስኮቱ ከጎን ትገባለች። ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየች። የግራው ፊት ጠቆር ብሏል።

የመስኮቱ ፍሬም ጥላ ይሆናል ብላ ማቆሚያውን አዞረችው፤ ጥቁረቱም አብሮ ዞረ። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። መጋረጃ ሰቀለች፣ አወረደች። በመጨረሻ ልታደርገው የፈራችውን አደረገች፤ ሁለት መዳፏን በካፖርቱ ሁለት ደረት ላይ አድርጋ ወደ ታች ሳበቻቸው። በቀኙ ደረት ላይ ያለው እጇ ተንሸራተተ። በግራው ላይ ያለውን ሻከረው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የተረፈው ጨርቅ አንድ ክንድ ነው፤ የሚያስፈልጋት ሦስት ክንድ። ለልኬት የተቀጠረው ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ።

ባለቤቷ ከሥራ ሲመለስ የሥራ ክፍሏን ቆልፋ እንደ ተቀመጠች አገኛት። ካፖርቱን አሳየችው፤ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ምንም ልዩነት እንደማይታየው ነገራት። ከዚያ ዐይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ ሲያይ ልዩነቱን አየውና ፊቱ ተለወጠ። የሰው ሁሉ ዐይን እንደ እርሷ ዐይን አይደለም፣ የጨርቅ ጠጉር የሚቆጥር ማን አለ፣ ሴትዮዋም ዕድሜያቸው ገፍቷል ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። እርሷ ግን የምትሰማው ድምፁን እንጂ ቃሉን አልነበረም፤ ድምፁ ደግሞ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ዐሥራ አንዱ ዓመት የእርሱም ነው።

በማግሥቱ ዐይኗን በጨው አጥባ ጋሽ መቀስ ቤት ሄደች። የቀድሞ ጓደኞቿ መኪናቸውን አቁመው ሲያይዋት፣ የያዘችውን ጥቅል ደረቷ ላይ አጥብቃ አለፈቻቸውና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ጀርባ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ከጠረጴዛና ከአንድ አምፖል በቀር ምንም አልነበረም።

ሽማግሌው ጥቅሉን ፈቱና ዐይናቸውን ከድነው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ግራው መገልበጡን ለመናገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀባቸውም።

«ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«እርስዎ ነዎት፤ ቅርጫትዎ።»

«ስትበረብሪ የማላይሽ መስሎሽ ነበር?» አሉ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።»

አልሣቁም፤ ቁጣም አልነበረባቸውም። ራስና ግርጌ የሚያስተኙት ሱፍና ጥጥ ብቻ እንደ ሆነ፣ የከፋይን ቁርጥራጭ ግን አንድም ቀን ቅርጫት ውስጥ ጥለው እንደማያውቁ፣ የልብስ ቁልፍ በጨርቅ የሚያለብስ ሰው እየመጣ ስለሚገዛው ለይተው በመሳቢያ እንደሚያኖሩት አስረዷት። ጥንቅቅ ስድስት ዓመት ስታነበው የኖረችው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ጎድሎት ኖሯል፤ ጎደሎ መሆኑንም የሚያሳይ ባዶ ቦታ አልነበረውም።

ጋሽ መቀስ መጋረጃውን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለዚህ ዘዴ አለው አሏት። የተገለበጠውን ቁራጭ በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ይዞ፣ በጠንካራ ብሩሽ ጠጉሩን ወደሚፈለገው ወገን ደጋግሞ መቦረሽና ሳይነኩ ሰቅሎ ማድረቅ ነው። አንድ ቀን ተኩል ያህል እንደ ተኛ ይቆያል። ለልኬቱ አንድ ጊዜ፣ መድረክ ላይ ለሚለበስበት ዕለት አንድ ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ ብትሠራው ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጠጉሩ ቢነሣም ሰው ጨርቁ ሻንጣ ውስጥ ረጥቦ ነው ይላል እንጂ ቆራጩን አያማም።

እርስዎ ይህን አድርገው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«በሠላሳ ዓመት ሦስት ጊዜ ገልብጬ ቆርጫለሁ፤» አሉ። «ሦስቱም ከፍለው፣ አመስግነው ሄዱ።»

«ከዚያስ፣ ጋሼ?»

መቀሳቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «ከዚያማ ተመልሰው አልመጡም። እኔ ግን ደጄ በተንኳኳ ቁጥር እነሱ ይመስሉኛል። አሁን አንቺ ስትገቢም መስለሽኝ ነበር።»

ጥንቅቅ ጥቅሏን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ የምታስበው ስለ ዘዴው አልነበረም፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ጌታ ስትፈራቸው የነበሩት ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ ሲፈሩ መኖራቸው ነበር። ይሁን እንጂ ዘዴውን ሠራችው። የልኬቱ ዕለት ማለዳ ድስት ጥዳ፣ የግራውን ፊት እንፋሎቱ ላይ ይዛ፣ ጣቶቿ እስኪቀሉ ድረስ ቦረሸችው። ሲደርቅ ሁለቱ ፊቶች አንድ ቀለም ሆኑ። ባለቤቷ ወደ ሥራ ሲሄድ አይቶት እፎይ አለ። እርሷ እፎይ አላለችም፤ እርሷ የምታየው ጠጉሩ መቼ እንደሚነሣ ነበር።

ተዋናይቷ ረፋዱ ላይ መጡ። ካፖርቱን ሲለብሱ ክፍሉ የጠበበ መሰለ። ደብተሩ ላይ የነበረው መስመር አሁን ትከሻ ነበረው፣ ወገብ ነበረው፤ ግርጌው በእያንዳንዱ ርምጃ ከፈት ብሎ ይዘጋል። ጥንቅቅ በሕይወቷ የነደፈችው ልብስ ሰው ላይ ሲንቀሳቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያን ቀን ነው፤ ነገር ግን ልታየው አልቻለችም። ዐይኗ ከግራው ደረት አልነቀል አለ። የሰው ገላ ይሞቃል፤ ይህን ጋሽ መቀስ አልነገሯትም። ሴትዮዋ ክንዳቸውን ሲያነሡ ከብብታቸው ሥር የሳንቲም ያህል ጥቁር ነጥብ የታያት መሰላት። ጥላ ይሁን ጠጉሩ ይነሣ መለየት አቃታት። ተዋናይቷ ወደ ግራ ሲዞሩ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ወደ ቀኝ፤ በመስተዋቱ ውስጥ አፍጥጣ እንደምትከተላቸው አልታወቃትም።

ምን እንደምታይ ጠየቋት። ምንም አለች። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቋት፤ ደግማ ምንም አለች። በዚህ ጊዜ ተዋናይቷ ከመስተዋቱ ፊት ዞር አሉ፤ አንገታቸው ቀጥ እንዳለ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ነበር።

«እግሬን ነው አይደል የምታይው?» አሏት። «ማን ነገረሽ?»

ጥንቅቅ አፏን ያዘች። ማንም ምንም አልነገራትም ነበር። ተዋናይቷ ግን ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጠሩትና ነገሩን ራሳቸው አወጡት። ከሦስት ዓመት በፊት ከመድረክ ላይ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው ተሰብሮ ነበር፤ ዳነ ተባለ፣ ነገር ግን ሲሄዱ እግራቸው ይጎተታል፣ ከጉልበታቸውም በታች ቀጥኗል። ሕዝብ ፊት ያልወጡት በሕመሙ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ከአርባ ሁለቱ ንድፍ ይህን የመረጡት መሬት ድረስ ስለሚወርድ ነበር። ካፖርቱን የፈለጉት ሊያምሩበት ሳይሆን ሊደበቁበት ነው። ይህን ከተናገሩ በኋላ ቀለል ያላቸው መሰሉና፣ አሁን ግን በዚህ ልብስ ውስጥ ሆነው እንደማይፈሩ፣ የአልባሳቱንም ኀላፊ በሳምንቱ መጨረሻ ራሳቸው ይዘውላት እንደሚመጡ ነገሯት።

የሚያስፈልጋት ሁሉ እነሆ ፊቷ ቀረበ። አንድ ቃል ብቻ፣ እግዜር ይስጥልኝ የሚል ቃል ብትናገር ቤቱም፣ ሥራውም፣ ዐሥራ አንዱም ዓመት ይድናል። ተዋናይቷም እግራቸውን ሸፍነው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ጥንቅቅ አፏን ከፈተች። የታያት ግን ከመጋረጃ ጀርባ የነበረው አምፖልና ደጅ ደጁን የሚያየው የሽማግሌ ፊት ነበር። ከዚህ በኋላ የተናገረችውን ነገር ሰው ሲሰማ ጀግና ናት ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን ከሁለት ፍርሃት አጭሩን መምረጧ ነው።

«እግርዎን አላየሁም፤» አለች። «የማየው የራሴን ጥፋት ነው። የግራውን ፊት ገልብጬ ቆርጬዋለሁ። ጠዋት በእንፋሎት አስተኝቼው ነው አንድ የመሰለዎት፤ ነገ ይነሣል።»

ተዋናይቷ ካፖርቱን በዝግታ አወለቁት፣ በክፍሉ ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የቀኙን ደረት ዳሰሱ፤ የግራውን ዳሰሱ። ከውጭ የሚያልፈው መኪና ድምፅ፣ ከላይኛው ፎቅ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ጥንቅቅ ቆማ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

«የመድረክ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?» አሉ በመጨረሻ፤ ዐይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ። «ከጎን ነው። ስድስት መቶ ሰው ፊት ሁለት ቀለም አድርገሽ ልታቆሚኝ ነበር።»

«አዎን፣ እትዬ።»

«የእናቴን ጨርቅ።»

«አዎን።»

ይቅርታ አድርገውላታል ማለት አይቻልም፤ ቃሉም ከአፋቸው አልወጣም። የጠየቁት መላ አለው ወይ ብለው ብቻ ነው። ጥንቅቅ ሦስት ቀን ሙሉ ስትሸሸው የነበረውን መላ ነገረቻቸው። ካፖርቱ ግርጌው ሰፊ ስለ ሆነ የግራውን ፊት ገልብጦ ከሰፊው ወገን አዲስ ደረት ማውጣት ይቻላል፤ ጠጉሩም ያን ጊዜ እንደ ሌሎቹ ቁልቁል ይተኛል። ግን ጠባቡ የደረት ወገን ለግርጌ ስለማይበቃ ቁመቱ ያጥራል። ሌሎቹም ቁራጮች ከእርሱ ጋር እንዲስተካከሉ ማጠር አለባቸው። ካፖርት መሆኑ ይቀርና ዳሌ ላይ የሚቆም ጃኬት ይሆናል። ንድፉ፣ ያ ግርጌው የሚከፈትና የሚዘጋው ንድፍ፣ አይኖርም።

«እግሬስ?»

ጥንቅቅ ልትዋሽ አልቻለችም። ይታያል አለቻቸው።

ተዋናይቷ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራ ሰው መሰሉ። ትከሻቸው ወረድ አለ፤ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችውን አሮጊት እንደማያውቋት አድርገው አዩዋት። ጥንቅቅ ተነሥተው ጨርቃቸውን ጠቅልለው እንዲሄዱ ጠበቀች። እንዲሄዱ ፈለገችም፤ ቢሄዱ ሁሉ ነገር ያከትማል፣ የሚፈራም ነገር አይቀርም። እርሳቸው ግን ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አስተካከሉና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

«ስለ ቴአትር ቤቱ ሥራ አሁን አንነጋገርም፤» አሉ። «የማመጣው ሰው ካለም ጃኬቱን ካየሁት በኋላ ነው፤ ላላመጣም እችላለሁ። አሁን ቁረጪው።»

ጥንቅቅ ነገ ማለዳ፣ እጇ ሲረጋጋ፣ ብቻዋን ሆና ብትቆርጠው እንደሚሻል ለማስረዳት ሞከረች። ተዋናይቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚሁ ተቀምጠው እንደሚያዩ ነገሯት።

የላላውን ክር ፈታች። የግራውን ፊት ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ዘረጋች፣ በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳሰሰችው፣ ሁለት ጊዜ ዳሰሰችው፣ ሦስተኛ ጊዜም ዳሰሰችው። በጠመኔ አሠመረች። ለክታ ደግማ ለካች። ከእንግዲህ የሚተካው ጨርቅ የለም፤ መቀሱ የጣት ያህል ቢስት ጃኬትም አይወጣም። መቀሱን ስታነሣው ጫፉ ጠረጴዛውን ቶክ ቶክ እያደረገ መታው።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤» አሉ ተዋናይቷ።

«አዎን። እስኪያቆም ልጠብቅ።»

«እስኪያቆም ከጠበቅሽማ እኔን ከነወንበሩ ትቀብሪኛለሽ። እኔ አርባ ዓመት መድረክ ላይ ስወጣ ቆሞልኝ አያውቅም።»

ይህ ቀልድ ይሁን ተግሣጽ ከፊታቸው አይታወቅም ነበር። ጥንቅቅ የግራ እጇን ጨርቁ ላይ አስደግፋ ክንዷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጣበቀችው፤ መንቀጥቀጡ አልቆመም፣ ግን ወደ ትከሻዋ ሸሸ። መቀሱ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያው ጣት ያህል ሲቆረጥ ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ ክንድ ያህል ሲቆረጥ ትንፋሽ አጥሯት መልሳ ተነፈሰች። በአንገቱ ዙሪያ ስትደርስ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ተንጠልጥሎ ጨርቁ ላይ እንዳይወድቅ ቀና አለች፤ ተዋናይቷ ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው ሳይናገሩ ግንባሯን ጠረጉላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዙሩን ጨረሰችው። ቁራጩ ከቀሪው ጨርቅ ተላቆ ለብቻው ተኛ።

አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን ከቀኙ ፊት አጠገብ ይዛ አየችው። ተዋናይቷም አብረዋት አዩ። ቀለሙ ከቀኙ አልተለየም፤ ከዚያ ተዋናይቷ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና የሚቀጥለው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁ።

ጀርባው ነው አለቻቸው ጥንቅቅ። ገና ስድስት ቁራጭ ይቀር ነበር። ጠመኔዋን ፈልጋ አነሣች።